ምኒልክን ለልጆች ማስተማር፦ አራዳ መውሰድ ወይስ አዛውንት ክፍል መጥራት?

ቱሉ ዲምቱ አስተምራለሁ። የካቲት 23 ሲቃረብ መምህራን ክፍል ውስጥ ያው ክርክር ይነሳል። ልጆቹን አራዳ ጊዮርጊስ ሐውልቱ ጋ እንውሰድ ወይስ የሰፈር አዛውንት እንጥራ?

ወጪ፦ ጉዞው አውቶቡስ ይፈልጋል፣ ምሳም አለ። ለአዛውንቱ ቡናና ዳቦ ይበቃል።

ድካም፦ 60 ልጅ ይዞ ፒያሳ አስፋልት መሻገር... ተዉት።

ልብ ውስጥ የሚቀር ነገር፦ እዚህ ላይ ጉዞው ይበልጣል። አምና አንዷ ተማሪ ሐውልቱን አንጋጣ አይታ፣ «ቲቸር፣ የፈረሱ ስም ማነው?» አለችኝ። ዳኘው አልኳት፤ ንጉሡ አባ ዳኘው የተባሉትም በእሱ ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን ሐውልቱን አውርዶት እንደነበር፣ ከነፃነት በኋላ እንደተመለሰም ነገርኳቸው። ሐውልት የሚፈራ ጠላት! የዓድዋ ድል መታሰቢያም በ2016 እዚያው አካባቢ ስለተከፈተ በአንድ ጉዞ ሁለቱም ይታያሉ።

ስጋት፦ ትዝታ እንደየቤቱ ነው። አንዱ አባት አያታቸው ዓድዋ መዝመታቸውን በኩራት ያወራሉ። ሌላው በዚያው ዘመን ቤተሰባቸው ስላጣው መሬት ያነሳሉ። ሁለቱም ክፍሌ ውስጥ የልጅ ልጅ አላቸው። ስለዚህ ሁለቱንም ነው የምጠራው፤ ጥያቄውን ልጆቹ ቀድመው ይጽፋሉ። (ወሬው ወደ ጤፍ ዋጋ መዞሩ ግን አይቀርም።)

ልጆቹ አራተኛ ክፍል ድረስ ከሆኑ አራዳ ውሰዷቸው። ሰባትና ስምንት ለደረሱት፣ መከራከር ለሚወዱት፣ አዛውንቶቹ ይሻላሉ። በጀት ከሌለ ምርጫም የለ፤ ዳቦውን ግዙ።