የኢንፍሉዌንዛ ክትባት፦ ለማን የትኛው ይሻላል?

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከበሽታው ሙሉ በሙሉ አይጠብቅም። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ተከትቦ ሲታመም «ታዲያ ምን ጠቀመኝ?» ብሎ በዓመቱ ይተወዋል። ክትባቱ በወቅቱ ከሚዘዋወሩት ቫይረሶች ጋር በደንብ ሲገጥም፣ በኢንፍሉዌንዛ ታሞ ሐኪም ዘንድ የመሄድን ዕድል ከ40 እስከ 60 በመቶ ይቀንሳል። ከዚያም በላይ፣ ቢታመሙ እንኳ ሕመሙ ወደ ሳንባ ምች እንዳይከፋና ሆስፒታል እንዳያስተኛ ያግዛል። በሌሎች ቫይረሶች የሚመጣውን ተራ ጉንፋን ግን አይከላከልም።

በየዓመቱ መደገሙ ያለ ምክንያት አይደለም። ቫይረሱ ይለዋወጣል፤ ሰውነት ያገኘው መከላከያም በወራት ውስጥ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የክትባቱን ይዘት ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በየካቲት፣ ለደቡቡ በመስከረም አካባቢ ይመክራል። ተመርቶ እስኪደርስ ግማሽ ዓመት ገደማ ስለሚወስድ በመሃል ቫይረሱ ከተለወጠ አቅሙ ይወርዳል። ዋና ድክመቱ ይህ ነው።

ቅድሚያ ሊያገኙ ከሚገባቸው መካከል ነፍሰ ጡሮችን እናስቀድማለን። እርግዝና ራሱ በሽታውን ያከብደዋል። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ደግሞ መከተብ ስለማይችል፣ መከላከያ የሚያገኘው እናቱ በእርግዝናዋ ወቅት ከምታስተላልፍለት ፀረ እንግዳ አካላት ነው። በየትኛውም የእርግዝና ወር መርፌውን መውሰድ ይቻላል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች፣ አረጋውያን፣ አስም፣ ስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸውና የጤና ባለሙያዎችም እዚሁ ውስጥ ናቸው።

የተለመደው መርፌ 0.5 ሚሊ ሊትር ሲሆን በውስጡ ያለው ቫይረስ የሞተ ስለሆነ ኢንፍሉዌንዛ ሊያስይዝ አይችልም። ዕድሜያቸው 65 ለሞላ የምንመርጠው ከፍተኛ መጠን ያለውን ነው፤ ከእያንዳንዱ የቫይረስ ዝርያ በተለመደው 15 ማይክሮግራም ያለው በዚህኛው 60 ነው። በአፍንጫ የሚነፋው ክትባት ደግሞ መርፌ ለሚፈሩ ልጆች ጥሩ አማራጭ ነው። ነገር ግን የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስላለበት ለነፍሰ ጡሮች፣ በሽታ የመከላከል አቅማቸው ለደከመና ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጥም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የልጆች ሁለተኛ ዙር ነው። ከ6 ወር እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተብ ቢያንስ በ4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ መውሰድ አለበት፤ አንዱ ብቻ በቂ መከላከያ አይሰጠውም። አዋቂም ቢሆን መከላከያው እስኪጎለብት ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ፣ በሽታው ከተዛመተ በኋላ መሮጥ ዘግይቷል ማለት ነው። ዘግይቶም ቢሆን ግን ካለመከተብ ይሻላል።

አሰጣጡ ላይም ጥፋት ይፈጠራል። መርፌው ከትከሻ ጫፍ ወደ ታች በሁለትና ሦስት ጣት ስፋት ዝቅ ብሎ ጡንቻው ወፍራም ከሆነበት ቦታ መግባት አለበት፤ ከዚያ ከፍ ካለ የትከሻውን መገጣጠሚያ ሊጎዳና ለወራት የሚዘልቅ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። የክንድ ሕመምና ቀላል ትኩሳት ግን በአንድ ሁለት ቀን ያልፋሉ። ክትባቱ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። አንዴ በረዶ ከሆነ ቀልጦ ደህና ቢመስልም ይጣላል፤ ስለዚህ ከመከተብዎ በፊት የማቀዝቀዣውን የሙቀት መዝገብ መጠየቅ መብትዎ ነው።