ብሎኬት፣ ጭቃ ወይስ ፓኔል? ከደብረ ብርሃን ብርድ ጋር ከርመን ያየነው

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ሕዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ታገኛላችሁ። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ጃኬት ያስወልቃል። እዚህ ቤት ለሚሠራ ሰው ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ቀን በነፃ የሚመጣውን ሙቀት እስከ ንጋት የሚያቆይ ግድግዳ የቱ ነው?

እኛ ግቢ ውስጥ የተለያየ ግድግዳ አለ። ለሙከራ ብለን አይደለም፤ ገንዘብ በተገኘ ቁጥር እየቀጠልን ስለሠራን ነው። ዋናው ቤት በ20 ሴንቲ ብሎኬት ነው የተገነባው። ከዚያው ቤት ሁለቱን መኝታ ክፍሎች በኋላ ከውጭ በኩል 5 ሴንቲ ፎም (የፍራሹ ስፖንጅ ሳይሆን ደረቁ፣ ቀላሉ ሰሌዳ) አለበስናቸው። ጓሮ እናቴ አልለቅም ያለችው የድሮው የጭቃ ቤት አለ። በሩ አጠገብ ደግሞ እኔ የምሠራባት፣ በሳንድዊች ፓኔል (በሁለት ላሜራ መካከል ፎም ያለው ሰሌዳ) የተገጣጠመች ክፍል አለች። ክረምቱንም በጋውንም ከርመንባቸዋል። በየክፍሉ ርካሽ ቴርሞሜትር ሰቅዬ ስለነበር የማወራው በግምት ብቻ አይደለም።

ወደ ግድግዳው ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር። ጣሪያችሁ ቆርቆሮ ሆኖ ከኮርኒሱ በላይ ምንም ከሌለ፣ የግድግዳውን ጉዳይ ለጊዜው ተዉት። ሙቅ አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ቆርቆሮ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ከውጭው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። ጠዋት ከቆርቆሮው ሥር ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ ዝናብ አይደለም፤ የእናንተው ትንፋሽና የማድቤት እንፋሎት ነው። እኛ መጀመሪያ ያደረግነው ከኮርኒሱ በላይ ጥጥ መሰሉን ፋይበር ግላስ ማንጠፍና የላሜራ መስኮቶቹን ክፍተት በጎማ መዝጋት ነው። ከወጪው አንጻር ከዚህ የተሻለ ለውጥ ያመጣ ነገር የለም። የላሜራ በር ሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ ስለ ግድግዳ ፎም የሚጠይቀኝ ሰው ግን ብዙ ነው።

አሁን ወደ ብሎኬቱ። «ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ብርድ ይከላከላል» ሲባል ሰምታችኋል። እውነቱ ግማሽ ነው። የታሰረ አየር ጥሩ መከላከያ ነው፤ የብሎኬት ቀዳዳ ግን ሰፊ ስለሆነ አየሩ አርፎ አይቀመጥም። በሞቀው በኩል ይወጣል፣ በቀዘቀዘው በኩል ይወርዳል፣ ሙቀቱንም ይዞ ይዞራል። በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ሲሚንቶ ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ ቀጥ ያለ መንገድ ነው። በግርድፉ ካሰላነው፣ ውስጡና ውጭው በ10 ዲግሪ ሲለያዩ 10 ካሬ ሜትር የብሎኬት ግድግዳ 250 ዋት ገደማ ያስወጣል። የአንድ ክፍል የውጭ ግድግዳ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ አንዷን ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሌሊቱን ሙሉ ብታበሯት የምታሞቀው ግቢውን ነው። ፑሚስ (ቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የበዛበት ቀለል ያለ ብሎኬት ከከባዱ ይሻላል፤ ግን ተአምር አትጠብቁ።

ከብርዱ በላይ ያስመረረን ሻጋታው ነበር። ክረምት ላይ መኝታ ቤቱ ውስጥ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። በበረኪና እናጥበዋለን፣ ተመልሶ ይመጣል። ሰው ሁሉ «ቤቱ ውኃ ያስገባል» ይለን ነበር። ግድግዳው ውኃ አያስገባም። ቁም ሳጥኑ የክፍሉን ሙቀት ስለሚከልልበት ከጀርባው ያለው ግድግዳ በጣም ይቀዘቅዛል፣ የክፍሉ እርጥበትም እዚያው ላይ ውኃ ይሆናል። ቀለም መቀየር ይህንን አያድነውም፤ የግድግዳው ውስጠኛ ፊት መሞቅ አለበት።

ፎሙን ያመጣነው ለዚህ ነው። ግንበኛው በዕድሜ የገፉ፣ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ የፎም ነገር ግን አልዋጥ ብሏቸው ነበር። «ወንድሜ፣ ግድግዳው ላይ ፍራሽ ልትለጥፍ ነው እንዴ?» አሉኝ። እኔም «አዎ ጋሼ፣ እሱን ነው የምንለጥፈው» አልኳቸው። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ፎሙ በማጣበቂያ ሲሚንቶ ይለጠፋል። ቆቡ ሰፊ በሆነ የፕላስቲክ ብሎን ይያዛል። ላዩ ላይ የፋይበር መረብ ተዘርግቶ ስስ ልስን ይለሰናል፣ ከዚያ ቀለም። ልፋቱ ያለው ዳር ዳሩ ላይ ነው። በሁለት ፎም መካከል ክፍተት ከቀረ ብርዱ በዚያ ይገባል። የመስኮቱ ጎንና ጎን ደግሞ ቢያንስ 2 ሴንቲ ፎም መግባት አለበት፤ ካልሆነ የመስኮቱ ዙሪያ ብቻውን ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀርና ሻጋታው ወደዚያ ይዛወራል። በነገራችን ላይ ዶሮ ካላችሁ ፎሙን ከመለሰኑ በፊት ግቢ ውስጥ አታሳድሩት። የእኛ ዶሮዎች የአንዱን ፎም ጠርዝ ጥሬ እንደተበተነላቸው ሲለቅሙት ነው የደረስንባቸው።

ከውስጥ ለምን አልለጠፋችሁም ያለኝ ሰው አለ፤ ይቀላል፣ ዝናብም አያገኘውም። ምክንያቱ ሁለት ነው። ፎሙ ከውጭ ሲሆን ብሎኬቱ፣ ኮለኑና ቢሙ ሁሉ ሙቀቱ ባለበት በኩል ይቀራሉ። ቀን በመስኮት የገባውን ሙቀት ጠጥተው ሌሊት ይመልሱታል። ከውስጥ ሲሆን ግን ያ ሁሉ ክብደት ብርድ ላይ ይጣልና ክፍሉ ቶሎ ሞቆ ቶሎ ይበርዳል። ሁለተኛው፣ የክፍሉ እንፋሎት በፎሙ መጋጠሚያ ሾልኮ ከኋላው ባለው ቀዝቃዛ ብሎኬት ላይ ውኃ ይሆናል። ያን ጊዜ ሻጋታው የማታዩት ቦታ ነው የሚያድገው። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ከውጭ መለጠፍ ስለማይችል ከውስጥ ቢሠራ አልፈርድበትም። ግን ክፍተቱን አንድ በአንድ ይድፈን፣ ጠዋት ጠዋትም መስኮት ይክፈት።

ውጤቱስ? ታኅሣሥ ላይ ውጭው 2 ዲግሪ ባደረበት ሌሊት፣ ሲነጋ ፎም የለበሰው መኝታ ቤት 16 ዲግሪ ነበር፤ ያልለበሰው ሳሎን 12። ሁለቱም ማሞቂያ አልበራባቸውም። አራት ዲግሪ በወረቀት ላይ ምንም አይመስልም። አልጋ ውስጥ ግን ልዩነቱ በአንድ ብርድ ልብስና በሁለት ብርድ ልብስ ላይ ባና በመደረብ መካከል ነው። የመንዝ ባና የሚያውቅ ክብደቱን ያውቃል። ክረምቱ ሲመጣ ቁም ሳጥኑን አስነስቼ አየሁ፤ ግድግዳው ንጹሕ ነው። ለእኔ ፎሙ ዋጋውን የመለሰው እዚህ ጋ ነው።

እንከኖቹንም ልንገራችሁ። የሁለት መስኮቶች ማዕዘን ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ወጥቷል። ከውጭ ግድግዳው ላይ ከባድ ነገር መስቀል ከፈለጋችሁ ብሎኑ ፎሙን አልፎ ብሎኬቱ ድረስ የሚደርስ መሆን አለበት፤ ዲሹን ለማሰር ረጅም ብሎን ፍለጋ ገበያውን ዞሬያለሁ። ለጥቂት ቀናት አዲስ አበባ ከርመን ስንመለስ ቤቱ እስኪሞቅ ድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ክብደት ያለው ግድግዳ ጠባዩ ነው። ፎም ደግሞ እሳት ይወዳል። እንጨት የሚነድበት ማድቤት ግድግዳ ላይ አልለጥፈውም፣ የትም ቦታ ላይም ሳይለሰን አይቀመጥም።

የእናቴ ጭቃ ቤት በዚያው ሌሊት 14 ዲግሪ ነበር። አዎ፣ ከሳሎናችን ይበልጣል። ባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ በጭድ በደንብ የቦካ ጭቃ፣ ላዩ ላይ በእበት የተለቀለቀ። ጭዱ ውስጥ የታሰረው አየር ሙቀት ይይዛል፣ ጭቃው ደግሞ ክብደት አለው። ሻጋታ አያውቀውም፤ ጭቃው የክፍሉን እርጥበት ይጠጣና አየሩ ሲደርቅ መልሶ ይተፋዋል። እናቴ ይሄን ሁሉ ትንታኔ ስነግራት «ታዲያ ምን ብዬህ ነበር?» አለችኝ። ድካሙ ግን አለ። እንጨቱ ሲደርቅ ከጭቃው ይላቀቅና በስንጥቁ ነፋስ ይገባል። በየዓመቱ ክረምቱ እንዳለፈ ሰው ተጠርቶ ይመረጋል። የግድግዳው እግር ከድንጋይ ካልሆነና ቆርቆሮው ወጣ ብሎ ካልሸፈነው የክረምት ዝናብ ይበላዋል። የሚመርግላችሁ ሰው ካለ በዋጋው የሚወዳደረው የለም።

ስለ ድንጋይ ቤትም አንድ ነገር ላንሳ፤ ሰሜን ሸዋ ነንና። አንኮበር መንገድ ላይ ያለው የአክስቴ ቤት ግድግዳ ውፍረቱ ግማሽ ሜትር ይሆናል። «ድንጋይ ሙቅ ነው» ይባላል። ሙቀት በማስተላለፍ ካየነው ያ ሁሉ ውፍረት ከ20 ሴንቲ ብሎኬት ብዙም አይሻልም። ልዩነቱ መዘግየቱ ላይ ነው፦ የቀኑ ፀሐይ ግድግዳውን አቋርጦ ውስጥ የሚሰማው ሌሊት ነው። ፀሐይ በወጣበት ሳምንት ደስ ይላል። ነሐሴ ላይ ጉም ለቀናት ሲቀመጥ ግን ግድግዳው የሚመልሰው ነገር አይኖረውም፤ ያን ጊዜ አክስቴ ከምድጃው አትርቅም።

ፓኔሏን በአጭሩ። በጥቂት ቀናት ተገጣጥማ አለቀች፤ ጥቅሟ ይሄ ነው። በሁለት ላሜራ መካከል 5 ሴንቲ ፎም ስላላት ግድግዳዋ ከብሎኬቱ የተሻለ ይከላከላል። ነገር ግን ምንም ክብደት የላትም። እኩለ ቀን ላይ ትጋላለች፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አብራ ትወርዳለች፤ በዚያ ሌሊት ንጋት ላይ ከሳሎኑ እኩል 12 ዲግሪ ነበረች። ዝናብ ሲመጣ ስልክ ማውራት አይቻልም። ደግሞ ባይዘንብም ላሜራው ኔትወርክ ስለሚከለክል ደጅ ወጥቼ ነው የማወራው። ለሱቅ፣ ለቢሮ፣ ቀን ቀን ብቻ ለሚሠራበት ቦታ እሺ። ለመኝታ አልመርጣትም።

አንድ ነገር በጣም አደራ። ቤታችሁን በደንብ ከደፈናችሁ በኋላ የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ አታስገቡ። ድሮ በየክፍተቱ ይወጣ የነበረው የከሰል ጋዝ አሁን መውጫ የለውም። ሽታ የለውም፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ይገድላል። ብርዱ ካየለ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለአንድ ሰዓት አብርቶ ማጥፋት ነው። ፎም በለበሰው ክፍል ያ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ የመብራት ታሪፍም ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የዋጋ ቁጥር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ከወር በኋላ አይሠራም። ቅደም ተከተሉን ግን ልናገር፦ ኮርኒስና ክፍተት መድፈን ርካሹ ነው፣ ፎም ማልበስ ከዚያ ይከተላል። ቤታችሁ ገና ካልተለሰነ የፎሙ ወጪ ይቀንሳል፤ ለውጭ ልስን ልታወጡት የነበረው ገንዘብ የፎሙን ወጪ በከፊል ይሸፍናል። የተለሰነና የተቀባ ግድግዳ ላይ እንደገና መጀመር ነው የሚያመው።

እኛ ሕዳር ሳይገባ ሳሎኑን ልናለብስ ነው። ገንዘቡ ለሁሉም ስለማይበቃ ከሰሜኑ ግድግዳ እንጀምራለን። ከሕዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ሰሜኑ ጨርሶ አያያትም። የደቡቡ መስኮት ደግሞ ቀኑን ሙሉ መጋረጃው ተከፍቶ ይውላል። ለግንበኛው ጋሼም አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ፦ ያ ስንጥቅ እንዳይደገም በዚህ ዙር የመስኮት ማዕዘን ሁሉ ላይ መረቡ በሰያፍ ይደረባል።