«የለም» የተባልኩትን መጽሐፍ ላገኙልኝ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖቼ ይህን ሳልነግራችሁ ብቀር ውለታ በላ እሆናለሁ።

እናቴ ሰማንያ ዓመት ሆኗታል። ሜሪላንድ መጥታ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው የምትጠይቀኝ፤ አባቷ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ያነቡላት የነበረ የግጥም መጽሐፍ። የደራሲው ስም በ«ወልደ» እንደሚጀምር፣ ርዕሱ ውስጥ «ፀሐይ» የሚል ቃል እንዳለና በ1948 ዓ.ም. እንደታተመ ታስታውሳለች። ሌላው ሁሉ ጠፍቶባታል።

ስንት በር አንኳኳሁ! ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ኮምፒውተሩ የለም ካለ የለም» አለኝ። በሌላው ደግሞ ካታሎጉን (የመጻሕፍቱን የኮምፒውተር ዝርዝር) መጠቀም ካልቻልኩ ልጆቼን ይዤ እንድመጣ ተነገረኝ። ሰው ፊት ነው የተባልኩት፤ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስሁ። አፈላልግልሻለሁ ብሎ ገንዘብ የተቀበለኝ ሰው ስልኩን ካጠፋ ይኸው ዓመቱ።

በመጨረሻ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እኅቴ እዚሁ ዋሽንግተን ያለውን የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ንባብ ክፍልን ጠቆመችኝ። ጥያቄዬን በድረ ገጻቸው ላክሁ፤ መልስ ደረሰኝ፤ ሄድኩ።

የተቀበሉኝ ባለሙያ ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ አልጽፈውም። አጠገባቸው አስቀመጡኝና የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እኔ አዞሩት። ርዕሱን አልጠየቁኝም። «እናትዎ ቃሉን እንዴት ነው የሚሉት? እስኪ እንደ እርሳቸው ይበሉልኝ» አሉኝ። ከዚያ እርሳስ አንሥተው «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ይጽፉ ጀመር፤ በጸሎቱ ጸ፣ በፀሐዩ ፀ፣ በሀሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ፣ በብዙኃኑ ኀ፣ ደግሞም በሃ፣ በሓና በኃ። ስንቆጥረው 12 ሆነ። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለማሽኑ ግን 12 የተለያዩ ቃላት ናቸው።

በዚያ ላይ ብዙዎቹ የአማርኛ መጻሕፍት ካታሎጉ ላይ የሚገኙት በላቲን ፊደል ተጽፈው ነው። እኔ «ወልደ»ን ሁላችንም ስማችንን እንደምንጽፈው በኦ (Wolde) እጽፈዋለሁ፤ እዚያ ግን «ዋልዳ» ተብሎ ሊነበብ በሚችል አጻጻፍ ነው የተመዘገበው። ዓመቱም እንዲሁ ሆነ፤ ፍለጋውን በ1948 ስወስነው መጽሐፉን ራሴው አስወጥቼዋለሁ፤ የእኛ 1948 በፈረንጆቹ 1955 እና 1956 ነውና። የቀረውን አሠራር አልተረዳሁትም፤ ብቻ ጣታቸው ሲሮጥ አየሁ።

«ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» አሉኝ። «ፍለጋው ነው እንደ ሰው ማሰብ ያለበት።» ይህን ቃል እስክሞት አልረሳውም። ያን ሁሉ ጊዜ ራሴን እንደ መሃይም ቆጥሬ ነበር።

መጽሐፉ ተገኘ! ጥግ ጥጉ የተበላ፣ ከእጄ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ። በሳምንቱ እናቴን በተሽከርካሪ ወንበር ወሰድኳት። ጣቷን ስንኙ ላይ አድርጋ ቀስ እያለች አነበበች፤ ገጹ ሲያልቅ ሳልገልጥላት የሚቀጥለውን ስንኝ በቃሏ አለችው። ባለሙያዋም ዕንባቸውን ጠረጉ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

እባካችሁ ሂዱ። የአንባቢነት መታወቂያው በነጻ ነው፤ ዕድሜው 16 የሞላው ሁሉ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይዞ ሄዶ ማውጣት ይችላል። መጽሐፉን ቤት መውሰድ አይቻልም፤ እዚያው ነው የሚነበበው። ፈልጋችሁ ያጣችሁትን ቃል፣ እንዴት አድርጋችሁ እንደጻፋችሁት ጭምር ወረቀት ላይ ይዛችሁ ሂዱ፤ እኔን ቃሉ እንዴት እንደተጻፈ ነው መጽሐፉ ጋ ያደረሰኝ። በሌላ ቦታ «የለም» የተባላችሁ ደግሞ ተስፋ ሳትቆርጡ ጠይቋቸው፣ ጻፉላቸው።

እኔና እናቴ ማክሰኞ ተመልሰን እንሄዳለን፤ አርባ ገጽ ይቀራታል።