ኤሌክትሪክ ፕሬዠር ኩከር ከ10 ወር በኋላ፦ የመብራት ወጪያችን ላይ ምን አመጣ

ብዙ ሰው ስለዚህ ዕቃ የሚያወራው በገዛ በሳምንቱ ነው፣ ያኔ ደሞ የክዳኑ ላስቲክ አዲስ፣ ድስቱ የሚያብረቀርቅ፣ ሁሉም ነገር አሪፍ ነው። እኔ ሆን ብዬ ቆየሁ። ሁዳዴውንም ፋሲካውንም ክረምቱንም አብሮን አሳልፏል፣ እዚህ አዳማ 5 ሆነን በምንኖርበት ቤት በየቀኑ ማለት ይቻላል ሲሰራ ነው የከረመው፣ ስለዚህ አሁን በደንብ የምለው ነገር አለኝ።

ዕቃው እንፋሎቱን አፍኖ በግፊት የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ነው፣ የኛው 6 ሊትር፣ 1000 ዋት፣ ባለ ዲጂታል፣ የቻይና ሥሪት። ስሙን የማልጠቅሰው ያው አንዱ ዕቃ ሱቅ ከሱቅ በተለያየ ስም ስለሚሸጥ ነው፣ ስሙን አይታችሁ ሳይሆን ዋቱንና መለዋወጫ ላስቲክ የሚገኝለት መሆኑን አይታችሁ ግዙ። ዋጋውንም አልጽፍም፣ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ የወጥ ቤት ዕቃ ዋጋው ስለማይረጋ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር አይሆናችሁም። ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቁ፣ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ለምን ገዛነው? በመብራት ምክንያት ነው። የቤት ታሪፍ በእርከን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ በወር የምትጠቀሙት ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው መብራት የሚለካበት) በበዛ ቁጥር የአንዱም ዋጋ ከፍ ይላል። በድሮው ታሪፍ በወር እስከ 50 ለሚጠቀም አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም አካባቢ ነበር፣ ከ500 በላይ ለሚጠቀም ደሞ 2 ብር ከ48 ሳንቲም። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየ3 ወሩ እየጨመረ 4 ዓመት የሚዘልቅ ማሻሻያ ገባ፣ ማለትም ዘንድሮም ይጨምራል ከርሞም ይጨምራል፣ ይሄ ተነግሮ ያለቀ ነገር ነው። በዛ ላይ በወር ከ200 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ስትሄዱ 15 በመቶ ቫት ይመጣል። እኛ ቤት ያኔ 240፣ 250 አካባቢ ነበር የምንጠቀመው፣ እና 200 የምትባለዋ ቁጥር ለኛ ትልቅ ቁጥር ሆነች።

ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቆ መብራት ለምን ይጨምራል የሚለው ጥያቄ እዚህም በየቤቱ አለ፣ ሰው የራሱን ቦንድ ገዝቶ የሰራው ግድብ ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። አዳማ ደሞ ቀና ስትሉ የንፋስ ማመንጫው ይታያችኋል፣ አዳማ 1 የሚባለው 51 ሜጋዋት፣ አዳማ 2 የሚባለው ደሞ 153 ሜጋዋት አቅም አለው፣ ኃይሉ አጠገባችን ነው የሚመነጨው። ግን ከማመንጫው እስከ ቆጣሪያችን ትራንስፎርመር አለ፣ ሽቦ አለ፣ ብድር አለ፣ አብዛኛው ደሞ በዶላር ነው፣ ስለዚህ እኔ ይረክሳል ብዬ መጠበቁን ትቼ ቤቴ ውስጥ ምኑ ነው የሚበላው የሚለውን ማየት ጀመርኩ።

የኛ ቆጣሪ ባለ ካርድ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ቀሪውን ያሳያል። ፍሪጁንም ሁሉንም ነቅዬ አንድ ዕቃ ብቻ እየሰራ ከመጀመሬ በፊትና ከጨረስኩ በኋላ ያለውን ቁጥር እያየሁ ጻፍኩ። ይሄን ማንም ሰው ቤቱ ሊሰራው ይችላል፣ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ምጣዱ አንደኛ እንደሚሆን አውቅ ነበር፣ ያልጠበቅኩት ግን ሁለተኛው ነው። ሁለተኛው ጥራጥሬ መቀቀል ነው። ቦሎቄ ሳይዘፈዘፍ ስቶቭ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ ይቆያል፣ በኛ ቆጣሪ 2.2 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ በላ። ማታ ዘፍዝፌ ጠዋት ስቶቭ ላይ ስቀቅለው ወደ 1.4 ወረደ (ይሄን ልብ በሉ፣ ምንም ሳትገዙ በመዘፍዘፍ ብቻ የሚገኝ ቅናሽ ነው)። የተዘፈዘፈውን ፕሬዠሩ ውስጥ ሳደርገው ግን 0.45 አካባቢ፣ ደጋግሜ አየሁት ያው ነው። ቅቅልም እንደዛው፣ ስቶቭ ላይ ወደ 2 የሚጠጋው እዚህ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ነው።

ለምን እንደዚህ ይለያያል ያላችሁ እንደሆነ ከፍታችን ነው ነገሩ። አዳማ ሞቃት ስለሆነች ሰው ዝቅ ያለች ይመስለዋል እንጂ ከባህር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ ደሞ ከዛም ዝቅ ይላል። ክፍት ድስት ላይ እሳቱን የፈለጋችሁትን ያህል ብትጨምሩት ውሃው ከዛ አይሞቅም፣ ትርፉ እንፋሎት ሆኖ ቤቱን ማሞቅ ብቻ ነው። እንፋሎቱ ታፍኖ ግፊት ሲፈጠር ግን ውስጡ ከ110 ዲግሪ ያልፋል፣ እህሉም ቶሎ ይበስላል። ሌላው ደሞ ግፊቱ ሲሞላ ራሱ ያጠፋል፣ ሲቀንስ ጥቂት ያበራል፣ 1000 ዋት ቢባልም ሙሉውን ሰዓት 1000 ዋት አይስብም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ወጥ ቤታችን ውስጥ መቆም ራሱ ፈተና ነበር፣ አሁን ያ ሙቀት የለም፣ ይሄን ስገዛው አላሰብኩትም ነበር ግን ከወደድኳቸው ነገሮች አንዱ ሆኗል።

ስለዚህ ዕቃው በጣም የሚጠቅመው ጾም ለሚጾም ቤት ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ እያላችሁ ስትቆጥሩ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ክክ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ቦሎቄ ነው የሚበላው። የተዘፈዘፈ ሽምብራ 25 ደቂቃ ግፊት ይበቃዋል፣ ምስር 8፣ ድንች 10፣ ጎመን 5 (ከዛ ካለፈ ይሟሟል)። በነዚህ ላይ ለመሞቅ 10፣ 15 ደቂቃ፣ እንፋሎቱ እስኪወጣ ደሞ ሌላ 10 ደምሩ፣ ሻጮቹ «በ8 ደቂቃ ምስር» የሚሉት ይሄን ሳይቆጥሩ ነው። ጥራጥሬ ከግማሽ በላይ አትሙሉ፣ አረፋው ወደ ቫልቩ (ክዳኑ ላይ ያለው የእንፋሎት መውጫ) ይወጣና ይደፍነዋል፣ ይሄ የጥንቃቄ ጉዳይ ስለሆነ ቀለል አድርጋችሁ እንዳታዩት።

አሁን የማይሆነውን ልንገራችሁ። ሽሮ አይሆንም፣ ይወፍርና ታች ይይዛል፣ ቫልቩንም ይዘጋል። ቁሌትም አይሆንም። ማቁላያ የሚል በተን አለው፣ ግን ድስቱ ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ ሽንኩርቱ እኩል አይደርቅም፣ ደረቅ ቁሌት ለረጅም ጊዜ ማመስ የለመደ ሰው ይናደዳል፣ በዛ ላይ ታች ሲይዝ ማሽኑ እየጮኸ ያቆማል። እኔ ያደረግኩት የሳምንቱን ቁሌት እሁድ አንዴ ስቶቭ ላይ በትልቅ ድስት ሰርቼ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፣ ከዛ በየቀኑ ክኩ ወይ ሥጋው ፕሬዠሩ ውስጥ ከበሰለ በኋላ ቁሌቱን መጨመር። ዶሮ ወጥ በበዓል አልሞክረውም፣ ዶሮ ወጥ ጊዜውን ወስዶ ይሰራ፣ በዓመት ስንቴ ነው።

አማቴ መጀመሪያ ሰሞን ቅቅሉን ቀምሰው «ልጄ፣ መረቁ ውሃ ውሃ ይላል» አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው። ክዳኑ ስለታፈነ ምንም አይተንም፣ በተለመደው ልክ ውሃ ካደረጋችሁ መረቁ ይቀጥናል። ውሃውን በሲሶ ያህል ቀንሱ፣ ሲያልቅ ደሞ ክዳኑን ከፍታችሁ በማቁላያው ትንሽ አፍሉት፣ ቅመሙንና ቃሪያውን ያኔ ጨምሩ፣ መዓዛውም ያኔ ነው የሚመጣው። አሁን እሳቸውም ለራሳቸው ንፍሮ ሲያምራቸው «እስቲ እዛ ማሽን ውስጥ ጨምሪልኝ» ይላሉ።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ግፊቱ ከሞላ በኋላ ከጠፋ አትንኩት፣ ታፍኖ ስላለ በያዘው ሙቀት ማብሰሉን ይቀጥላል፣ ምስርና ድንች እንዲያውም መብራቱ ሳይመለስ ይደርሳል። ለመሞቅ ላይ እያለ ከጠፋ ግን ሲመለስ ራሱ አይቀጥልም፣ እንደ አዲስ ማዘዝ አለባችሁ፣ ቤት ሰው ከሌለ እህሉ ጥሬውን ነው የሚጠብቃችሁ። ሰዓቱ በእጅ በሚዞር መዘውር የሚሞላው አይነት ይሄ ችግር ስለሌለበት አሁን ብገዛ እሱን እመርጥ ይሆናል። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ ኃይሉ ይወርዳል፣ ያኔ መሞቁ ብቻ ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል፣ ስለዚህ የእራቱን ከሰዓት በኋላ እሰራዋለሁ። በቀጭን ማከፋፈያ ከፍሪጅና ከካውያ ጋር አንድ ላይ አትሰኩት፣ ለብቻው ግድግዳው ሶኬት ላይ።

ስለ ጥንካሬው። ላስቲኩ በ6ኛ ወሩ አካባቢ ላላ፣ እንፋሎት በጎን ማውጣት ጀመረ፣ የሸጠልኝ ሱቅ መለዋወጫ የለንም አለኝ፣ እዚሁ አዳማ ፍራንኮ የሚባለው ሰፈር አካባቢ ካሉ የዕቃ ሱቆች ተፈልጎ ነው ልኩ የተገኘ። ላስቲኩ የበርበሬና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ይይዛል፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት ይረዳል ግን ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ ስለዚህ ሁለት ላስቲክ ይዛችሁ አንዱን ለወጥ አንዱን ለሩዝና ለንፍሮ ብታደርጉ ጥሩ ነው። የውስጡ ድስት ሽፋኑ ማማሰያው የሚነካው አካባቢ መላላጥ ጀምሯል፣ የእንጨት ማንኪያ እየተጠቀምን እንኳን። ይሄ እውነት አናደደኝ፣ በ10 ወር መላላጥ አልነበረበትም። አይዝጌ ብረት ድስት ያለው ካገኛችሁ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን እሱን ግዙ። ማሞቂያውና የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ግን እስካሁን ምንም አላሉም።

ውጤቱ? ከ240፣ 250 የነበረው አሁን 200 ዙሪያ ነው፣ አንዳንድ ወር ትንሽ በታች አንዳንድ ወር ትንሽ በላይ፣ በጾም ወር ልዩነቱ ይሰፋል። ሁሉም የፕሬዠሩ ሥራ አይደለም፣ ምጣዱንም በሳምንት ሁለቴ የነበረውን አንዴ አድርገነዋል። ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ነው የሚስበው፣ አንድ ጊዜ ስንጋግር ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሄዳል፣ ከዛ ውስጥ ቀላል የማይባለው ገና ሸክላው እስኪሞቅ የሚባክነው ነው፣ ሁለቴ ማሞቅ ሁለቴ መክፈል ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ከማስፋታችን በፊት እናጠፋዋለን፣ በቀረው ሙቀት ይወጣሉ። ለከሰል የምናወጣውም ቀንሷል፣ በፊት መብራት ይቆጥባል ብለን ቅቅልና ንፍሮ ከሰል ላይ እንጥድ ነበር፣ አሁን ከሰል ለቡና ብቻ ነው የምንገዛው፣ የጭሱም ነገር ለልጆቹ ይሻላል።

እህቴ የምትኖረው 4 ተከራይ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ ነው። እዛ የሁሉም ተደምሮ ከፍተኛው እርከን ላይ ስለሚወጣ እሷ ብቻዋን ብትቆጥብም የምትከፍለው በውዱ ዋጋ ነው፣ አከራዩ ደሞ በሰው ቁጥር ነው የሚያካፍለው። እንደዚህ አይነት ቤት ያለ ሰው ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት የግቢው ሰው ተስማምቶ ለየራሱ ንዑስ ቆጣሪ ቢያስገባ ይሻለዋል፣ አለበለዚያ ቁጠባው ለራሱ ኪስ አይደርስም። ብቻውን የሚኖርና ውጭ የሚበላ ሰውም ባይገዛው እላለሁ፣ በሳምንት አንዴ ሩዝ ለመስራት ዋጋውን አይመልስም። ጥራጥሬ በብዛት ለሚያበስል ቤተሰብ ግን፣ የራሱ ቆጣሪ ካለው፣ ሳላንገራግር ግዙ እላለሁ።

ስትገዙ እዛው ሱቅ ውስጥ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አስጨምራችሁ አስበሩት፣ ግፊቱ እስኪሞላ ቁሙና በክዳኑ ዙሪያ እንፋሎት የሚወጣ መሆኑን እዩ፣ 15 ደቂቃ ቢወስድ ነው። የዛኑ ቀን ትርፍ ላስቲክ አብራችሁ ግዙ፣ በኋላ ልኩ አይገኝም። ሳታስሞክር ውሰድ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።