ሾርባ ያለውን የቻይና ዳምፕሊንግ «የዶሮ ነው» ቢሏችሁ አትመኑ

ወገኖቼ፣ በተለይ እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ አትለፉ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ደሜ እንደፈላ ነው።

ሮክቪል አካባቢ ያሉትን፣ ሥጋና ሾርባ በሊጥ ጠቅልለው በእንፋሎት የሚያበስሉትን የዳምፕሊንግ ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። በር ላይ ስም አስመዝግቦ መቆም ነው፣ ወንበር ሲገኝ ተሻምቶ መቀመጥ ነው፣ ገና ጃኬት ሳታወልቁ ትዕዛዝ ካልሰጣችሁ ፊት ይጠቁርባችኋል። ይህን ሁሉ ችለን ነው የገባነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ጀምሮ ፍልሰታን እየጾመች ስለነበር ውጭ አብረን በልተን አናውቅም። ጾሙ ሲፈታ ልጆቹ አያታቸውን የሚወዱትን ምግብ ሊያበሏት ጓጉ።

ሜኑው ላይ «የዶሮ» የሚል አለ። እኔ ግን እሱን አይቼ ዝም አላልኩም። አስተናጋጇን «እናቴ በሃይማኖቷ አሳማ አትበላም፣ እዚህ ውስጥ ምንም ዓይነት አሳማ የለም አይደል?» ብዬ ጠየቅኳት። ዓይን ዓይኔን እያየች «የለም፣ ዶሮ ብቻ ነው» አለችኝ። ደግሜ ስጠይቃት «ዶሮ! ዶሮ!» ብላ ሜኑውን ከእጄ ተቀብላ ሄደች።

ምግቡ በቀርከሃ መቀቀያው እንፋሎቱ እየተነሳ መጣ። ልጄ ለአያቷ አበላሉን አሳየቻት፤ ማንኪያ ላይ ታስቀምጪዋለሽ፣ ጫፉን ትነክሺና መጀመሪያ ሾርባውን ትመጪዋለሽ፣ ከዚያ ዝንጅብል ያለበት ኮምጣጤ ውስጥ ነከር። እናቴ አማትባ በላች። ጣማት። ደጋግማ በላችና «ቆይ ግን፣ ይሄን ሾርባ ሳይፈስ እንዴት ሊጥ ውስጥ ከተቱት?» አለች። ባለሙያ ናትና ነገሩ ደንቋት ነው የጠየቀችው። እኔም ጠይቄ ልንገራት ብዬ ሊጥ ወደሚዳምጡበት መስታወት ሄድኩ።

እዚያ የቆመው ልጅ ምንም ሳይደብቅ፣ እንዲያውም በደስታ አስረዳኝ። የአሳማ ቆዳ ለረጅም ሰዓት ይቀቀላል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ጄሎ ይረጋል፣ የረጋው ተከትፎ ከሥጋው ጋር ይደባለቅና ሊጡ ውስጥ ይጠቀለላል። እንፋሎት ሲያገኘው ቀልጦ ሾርባ ይሆናል። «የዶሮውስ?» አልኩት። ከፊቱ ያለውን የረጋ ነገር የሞላበት ጎድጓዳ ሳህን በጓንቱ እየጠቆመ «ያው ነው፣ ለሁሉም ከዚህ ነው» አለኝ።

ወደ ጠረጴዛችን ስመለስ እናቴ ፊቴን አይታ «ምን ሆንሽ?» አለች። መዋሸት አልቻልኩም፣ ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሶፍት አንስታ አፏን ጠረገች፣ ሌላ አነሳች፣ እንደገና ጠረገች፤ ከንፈሯ እስኪቀላ ድረስ። አንድም ቃል አልተናገረችም። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችውን ነገር ነው በአንዲት ግዴለሽ «የለም» ያስጣሷት።

ማኔጀሩን አስጠራሁ። «ሥጋው ዶሮ ነው። ሾርባው ሾርባ ነው» አለኝ። ሁለት ጊዜ ጠይቄ «ምንም የለም» ተብያለሁ ስለው አስተናጋጇ ጎኑ ቆማ ትከሻዋን ሰበቀች። ከዚያ ሰውዬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የመቀቀያውን ክዳን አንስቶ ባዶውን አሳየኝና «በልታችሁ ጨርሳችሁታል እኮ» አለ። እናቴ ፊት! ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም። ሂሳቡም ሳይቀነስ መጣ፤ ሰዎች በዛ ስላልን 18 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ተደምሮበታል፣ ካርድ ማሽኑ ደግሞ ቲፕ ጨምሪ ይላል። እናቴ እጅጌዬን ይዛ «ተይው ልጄ፣ እንውጣ» ባትለኝ ኖሮ አልከፍልም ነበር።

ከምግቡ ጋር ጠብ የለኝም። ሻንጋይ ዳር ካለች ናንሺያንግ ከምትባል ከተማ የመጣ ነው፣ እዚያም ከጥንት የሚሠራው በአሳማ ነው፤ የባህላቸው ምግብ ነው፣ መብታቸው ነው። ሜኑው ላይ ቢጽፉት፣ ወይም ስጠይቅ «አለበት» ቢሉኝ አመስግኜ ሌላ አዝ ነበር። ሰው በሃይማኖቴ አልበላም ብሎ እየነገራቸው ወረፋ እንዳይጓተት ብለው መዋሸታቸው ነው ያንገበገበኝ።

ሕግ ያስገድዳቸዋል ብላችሁም አትዘናጉ። በታሸገ ምግብ ላይ እንኳ ተለይተው እንዲጻፉ የፌዴራል ሕግ የሚያስገድዳቸው 9 አለርጂ አምጪዎች ውስጥ አሳማ የለም። ስለዚህ «ሥጋው ምንድነው?» ብላችሁ አታቁሙ፤ «ሾርባው ከምን ተሠራ? የረጋው ከምን ነው?» በሉ፣ ከተቻለም ሠሪውን ራሱን። ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የእናንተም ጉዳይ ነው። ሐላል የሆነ ወይም ሾርባውን ከዶሮ ብቻ የሚያወጣ ቤት በዚህ አካባቢ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙን።