ኡፊዚ ወይስ ቦቦሊ? በፍሎረንስ ለሚማር ተማሪ

በፍሎረንስ የሚማር ተማሪ ነጻ ቀን ሲያገኝ ከኡፊዚ የሥዕል ሙዚየምና ከቦቦሊ የአትክልት ስፍራ የትኛውን እንደሚያስቀድም ማመንታቱ አይቀርም።

ወጪ፦ የኡፊዚ መግቢያ ከቦቦሊ ይወደዳል። ከ18 እስከ 25 ዓመት ለሆኑ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ዋጋው በእጅጉ የሚቀንስ ቢሆንም፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚማር ወጣት ከዚህ ቅናሽ ተጠቃሚ ስላልሆነ መግቢያ ነጻ የሚሆንበትን የወሩን የመጀመሪያ እሑድ መጠበቅ ያዋጣዋል። የኡፊዚ ሰልፍ ግን በዚያ ቀን ትዕግሥት ይፈታተናል።

ይዘት፦ አርክቴክቱና ሠዓሊው ቫሳሪ ከ1560 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለፍሎረንስ መስፍን ለቀዳማዊ ኮሲሞ ያነጸው ኡፊዚ መጀመሪያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር፤ ስሙም ይህንኑ ይናገራል። ዛሬ የቦቲቼሊ ሥዕሎች «የቬኑስ ልደት» እና «ፕሪማቬራ» (ጸደይ) የሚገኙት እዚያ ነው። ቦቦሊ ደግሞ ከፒቲ ቤተ መንግሥት ጀርባ በኮረብታ ላይ የተዘረጋ፣ ንድፉን አርቲስቱ ትሪቦሎ የጀመረው ሲሆን፣ በአትክልቱ በሚገኘው የቡኦንታለንቲ ዋሻ ውስጥ ያልተጠናቀቁት የማይክል አንጄሎ ቅርጻ ቅርጾች «እስረኞች» ቅጂዎች ይታያሉ፤ ዋናዎቹ ወደ ከተማዋ አካዴሚያ ሙዚየም ተወስደዋል። በቦቦሊ የቆመውን ከግብጽ የመጣ ሐውልት ሲያይ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ከሮም የተመለሰውን የአክሱም ሐውልት የማያስታውስ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም።

ድካም፦ ቦቦሊ ዳገት ነው፤ ዝናብም ሆነ የሐምሌ ፀሐይ ያስቸግራል። ኡፊዚ የሚያደክመው ዓይንን ነው።

የሥነ ጥበብ ታሪክ ለሚያጠናና አስቀድሞ ለተዘጋጀ ተማሪ፣ በተለይም በብርዳማው የአውሮፓ ክረምት፣ ኡፊዚ ይሻላል። የሥነ ሕንጻ ተማሪ፣ ንድፍ የሚሥል፣ ወይም ከሳምንት ትምህርት በኋላ አየር የሚሻ በሚያዝያ ወደ ቦቦሊ ቢሄድ ይመረጣል።