እኅቴን ለታደጉልን የዓይን ሐኪም፦ ምስጋናና ጥቆማ ከጎንደር

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ማዕከል ታላቅ እኅቴን ላዩልን ሐኪም ምስጋናዬ በአደባባይ ይድረሳቸው። እኅቴ አዘዞ የምታስተምር መምህርት ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ወፍራም መነጽር ታደርጋለች። በቅርቡ የተማሪዎቿ ደብተር መስመር መሀሉ ላይ እየተጣመመ ያስቸግራት ጀመር።

ሐኪሟ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች የተሞላ ወረቀት ፊቷ አስቀመጡ። አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና መሀል ያለውን ነጥብ እንድታይ ነገሯትና እስክሪብቶ አቀበሏት፦ «የሚጣመመውን ይሳሉልኝ» አሉ። የሣለችው መስመር ከነጥቡ አጠገብ ጎብጧል። ከዚያ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ጨምረው ሬቲናዋን፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ መረመሩ። ያገኙትን ሕመም እንዲህ አስረዱን፦ ከሩቅ ያለማየት ችግር ሲጠና የዓይን ኳስ ይረዝማል፤ ከሬቲና ሥር ያለው ስስ ሽፋን ተወጥሮ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የሚበቅሉት ደካማ የደም ሥሮች ፈሳሽና ደም ያፈሳሉ።

እኛ ቤት ወሬው ሁሉ ስለ ብርሃን ሕክምና ነበር። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን ለጉዞዋ ገንዘብ ማዋጣት ጀምረዋል። ሐኪሟ ሐሳባችንን ሳያጣጥሉ፣ ሳይቸኩሉ አስረዱን። በብርሃን ሕክምናው ቬርቴፖርፊን የሚባል መድኃኒት በክንድ ደም ሥር ለ10 ደቂቃ ይሰጣል፤ ከጅማሬው 15 ደቂቃ ሲሞላ ቀይ ሌዘር ለ83 ሰከንድ ዓይን ላይ ይበራል። ብርሃኑ ሥጋውን አያቃጥልም፤ መድኃኒቱን ያነቃዋል፤ የነቃው መድኃኒት የሚያፈሰውን ሥር ይዘጋል። ታካሚው ለ5 ቀናት ከፀሐይ መከለል አለበት። በአሜሪካ ለዚህ ሕመም የተፈቀደው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው።

«በጊዜው ትልቅ ተስፋ ነበር፤ ነገር ግን ሕመሙን ባለበት ያቆማል እንጂ የጠፋ እይታን እምብዛም አይመልስም። ዛሬ የሚቀድመው ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ነው፤ ለእሱ ከአገር መውጣት አያስፈልግዎትም። መዘግየት ግን አይገባም» አሏት። የሪፈር ወረቀቱንም ወዲያው ጻፉልን።

ይህን የሚያህል እውነት በዚህ ትሕትና የሚናገር ሐኪም ማግኘት መታደል ነው። የዘመዶቻችን ገንዘብ ለባለቤቱ ተመለሰ፤ እኅቴ መርፌውን አዲስ አበባ ተወጋች። መስመሩ ሙሉ በሙሉ ባይቃናም ደብተር ታርማለች፤ ክትትሏም አልተቋረጠም።

ወፍራም መነጽር የምታደርጉ፣ የበር መቃን ወይም የጽሑፍ መስመር ከተጣመመባችሁ ነገ ሳትሉ ሂዱ። የቀድሞ መነጽራችሁንና የምርመራ ወረቀታችሁን ያዙ። ጠብታው ለሰዓታት ስለሚያደበዝዝ ሰው አስከትሉ። ካርድ ክፍል ያሉትም ሠራተኞች ደግ ናቸው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።